ሽቦው በግልጽ ይታይ!

ግብ ጠባቂ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታበት ቢያንስ አንድ እግሩን መስመሩ ላይ ማቆየት ግዴታው ነው። ቀድሞ ወጥቶ ኳሷን ካዳነ ደጋፊው ጨፍሮ ሳይጨርስ ምቱ ይደገማል። በመቶ ሜትር ሩጫም ሽጉጡ ከጮኸ በኋላ 0.1 ሰከንድ ሳይሞላ የተነሳ ሯጭ ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደወጣ ተቆጥሮ ይባረራል። ዩሴን ቦልትን የሚያክል ሰው እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ከሽጉጡ ቀድሞ በመነሳቱ ማሊያውን አውልቆ ከትራኩ ወጥቷል። ማንም አልራራለትም።

ጥብቅነቱ የበዛ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። የስፖርት ቤተሰቡ ግን ነገሩን ጠንቅቆ ያውቀዋል። አጀማመሩ የተሰረቀ ውድድር አጨራረሱ የቱንም ያህል ቢያምር ውጤቱ አይታመንም።

ታዲያ ከየትኛውም ስፖርት በላይ ይህ ጉዳይ ነፍስ የሆነበት ሜዳ አለ። አሜሪካኖቹ ድራግ ሬሲንግ ይሉታል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራት ይበራል፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ይፈተለካሉ፣ አለቀ። መታጠፊያ የለ፣ ሁለተኛ አጋማሽ የለ፣ ተቀያሪ ተጫዋች የለ! ርቀቱ በልማድ ሩብ ማይል ወይም 402 ሜትር ሲሆን፣ በብዙ ሜዳዎች ላይ ደግሞ ግማሹ፣ ማለትም 201 ሜትር ነው። ቶፕ ፊዩል የሚባሉት ግዙፎቹ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ የሚሮጡት 305 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እሱንም አራት ሰከንድ ሳይሞላ፣ በሰዓት ከ530 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት ይጨርሱታል። በእንዲህ ዓይነት ውድድር ከመነሻው የተሰረቀች የሰከንድ ቁራጭ መጨረሻው ላይ የምትመለስበት ዕድል የላትም።

በዚህ ስፖርት የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ለውጭ ሰው የሚያስቅ የሚመስል አንቀጽ አለ። መኪናዋን ከመነሻው የምትለቀው ቁልፍ ሽቦዋ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ ይቆጣጠራል። ይህ አንቀጽ የሥራ ፈት ቢሮክራሲ ነው ወይስ የስፖርቱ ምሰሶ? መልሱ ሁለተኛው ነው። ከእግር ኳስ እስከ ማራቶን ሌሎች ስፖርቶችም ሊማሩበት ይገባል።

የገና ዛፉ እና የሰው ዓይን

ነገሩ ወዲህ ነው። ዋናው የአሜሪካ የድራግ ሬሲንግ ማኅበር፣ በምህጻሩ ኤን ኤች አር ኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 በዋሊ ፓርክስ ሲመሠረት ውድድር የሚያስጀምረው ባንዲራ የያዘ ሰው ነበር። ሰው ደግሞ ሰው ነው። ባንዲራውን ከማንሳቱ በፊት ትከሻው ይነቃነቃል፣ ጉልበቱ ይታጠፋል። ብልጡ ሹፌር መንገዱን ትቶ የባንዲራ ያዡን ትከሻ ያነብ ነበር። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1963 መጣ። «የገና ዛፍ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት፣ አምፖሎች ከላይ ወደ ታች የተደረደሩበት ምሰሶ መነሻው ላይ ተተከለ።

በዛፉ ላይ ሦስት ቢጫ መብራቶች፣ ከሥራቸው አረንጓዴ፣ ከዚያ ደግሞ ቀይ አሉ። በተለመደው አሠራር ቢጫዎቹ በግማሽ በግማሽ ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ ይበሩና አረንጓዴው ይከተላል። በባለሙያዎቹ ምድብ ሦስቱም ቢጫዎች አንድ ላይ በርተው ከ0.4 ሰከንድ በኋላ አረንጓዴው ይመጣል። ከአረንጓዴው የቀደመ ቀይ ይበራበታል፣ ጉዞውም እዚያው ያበቃል። የሹፌሩ አጸፋ የሚለካው በሺህኛ ሰከንድ ሲሆን ፍጹም የሚባለው ውጤት 0.000 ነው።

እዚህ ላይ የስፖርቱን ውበት ልብ ማለት ያስፈልጋል። ብራኬት በሚባለው የብዙኃኑ ውድድር ሹፌሩ መኪናው በስንት ሰከንድ እንደምትገባ አስቀድሞ ያስመዘግባል። አንዱ 10 ሰከንድ፣ ሌላው 12 ሰከንድ ካለ ባለ 12ቱ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ ይለቀቃል። ካስመዘገበው ሰዓት ፈጥኖ የገባ ይሸነፋል፣ ስለዚህ ውሸት መናገር አያዋጣም። በዚህ ዘዴ የአባቱን አሮጌ መኪና ጋራዥ ውስጥ የጠጋገነ ወጣት ብዙ ሺህ ዶላር የፈሰሰበትን መኪና ያሸንፋል። የገንዘብ ልዩነቱ ይሰረዝና የሚቀረው የሹፌሩ ዓይንና እጅ ነው። ሽልማቱም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 «ሚሊዮን ዶላር ሬስ» የተባለ የብራኬት ውድድር እስከ መጀመር ተደርሷል።

እንግዲህ የውድድሩ ነፍስ የሹፌሩ ዓይንና እጅ ከሆነ፣ ያንን ዓይንና እጅ የሚተካ መሣሪያ የውድድሩን ነፍስ ይነጥቃል ማለት ነው።

ሦስት ሥራ በአንዲት ቁልፍ

አሁን ወደ ቁልፏ እንምጣ። መሪው ላይ ወይም አጠገቡ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ሹፌሩ ተጭኗት ይጠብቃል፣ ሲለቃት መኪናዋ ትወረወራለች። ከቁልፏ ጀርባ ግን ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ሊኖሩ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ትራንስብሬክ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ የፊት ማርሽና የኋላ ማርሽ በአንድ ጊዜ ስለሚያዙ ሞተሩ ቢያጓራም መኪናዋ ንቅንቅ አትልም። ቁልፏ ስትለቀቅ የኋላ ማርሹ ይፈታና መኪናዋ ትስፈነጠራለች። ሁለተኛው ቱ ስቴፕ የሚሉት፣ በተራው ሰው ቋንቋ ላውንች ኮንትሮል የሚባለው ነው። ሹፌሩ ነዳጅ እስከ ወለሉ ቢረግጥም ሞተሩ ከተወሰነለት ዙር በላይ እንዳይወጣ የእሳት ብልጭታውን እየቆራረጠ ይይዘዋል። ሦስተኛው ዲሌይ ቦክስ ነው። ሹፌሩ የመጀመሪያውን ቢጫ እንዳየ ቁልፏን ይለቃል፣ መኪናዋ ግን ወዲያው አትሄድም። ሳጥኑ ቀድሞ የተሞላለትን የጊዜ መጠን ይቆጥርና ልክ በሰዓቱ ይለቃታል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉልበትን ይይዛሉ። ሦስተኛው ግን ጊዜን ይይዛል። ዲሌይ ቦክስ የሌለው ሹፌር ቢጫዎቹ ሲወርዱ እየተከታተለ ሦስተኛው ላይ ራሱ መወሰን አለበት። ትንሽ ከቸኮለ ቀይ፣ ትንሽ ካመነታ ሽንፈት። ባለ ሳጥኑ ግን አንዲት ብልጭታ ብቻ አይቶ ጣቱን ያነሳል፣ የቀረውን ቆጠራ የሚሠራለት ሳጥኑ ነው። ሳጥን ደግሞ ልቡ አይመታም፣ እጁ አያልበውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ይመጣል። ሦስቱም ሥራዎች በአንዲት ቁልፍና በአንድ ሽቦ ሊታዘዙ ይችላሉ። ከውጭ ሲታዩ ምንም ልዩነት የላቸውም። ሹፌሩ ቁልፍ ይጫናል፣ ይለቃል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። የሚለያቸው በቁልፏና በካምቢዮው መካከል ያለው ሽቦ ነው። ሽቦው ቀጥታ ከሄደ የሰው ሥራ ነው። መሐል ላይ ከዳሽቦርድ ጀርባ የተሸጎጠች፣ ከክብሪት ሳጥን የማትበልጥ ነገር ካለች ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ይህን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ሕጉ ምን ይላል?

ኤን ኤች አር ኤ ዲሌይ የሚያደርግ መሣሪያን ሲተረጉም ስሙን ጠርቶ አላበቃም። በኤሌክትሪክ ይሥራ፣ በአየር፣ በዘይት ግፊት ወይም በሜካኒክ፣ ሹፌሩ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን ወይም ቁልፏን በለቀቀበት ቅጽበትና መኪናዋ ምላሽ በሰጠችበት ቅጽበት መካከል ሆን ተብሎ መዘግየት የሚፈጥር ማንኛውም ነገር ዲሌይ ነው። ብልህ አተረጓጎም ነው። የዕቃውን ስም ብቻ ቢከለክሉ ኖሮ ነገ ሌላ ስም ይወጣለት ነበር።

ከዚህም አልፎ ቁልፎች ተራ ሜካኒካል ግንኙነት ያላቸው እንዲሆኑ ያስገድዳል። በኢንፍራሬድ፣ በሌዘር፣ በጣት አሻራ ወይም በብርሃን የሚሠራ ቁልፍ የተከለከለ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዛፉን አምፖል ራሱ አይቶ መኪናዋን የሚለቅ የብርሃን ዓይን ቢገጠም ሹፌሩ ለምን ያስፈልጋል? ቤቱ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ!

ዲሌይ በማይፈቀድባቸው ምድቦች ደግሞ የመርማሪው ሥራ ሽቦውን በዓይን መከተል ነው። ከቁልፏ ተነስቶ የት ገባ? መሐሉ ላይ ምን አለ? ይህ ሽቦ ለምንድን ነው? መልስ የሌለው ሽቦ መኪናዋን ከውድድር ሊያስወጣት ይችላል።

የሽቦ ሥርዓት የፍትህ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕይወትም ነው። ባትሪው ወደ ኋላ የተዛወረባት መኪና ከኋላዋ ዋና ማጥፊያ እንዲኖራት ሕጉ ያዛል። ማጥፊያው ኤሌክትሪኩን ሁሉ ቆርጦ ሞተሩንም ማስቆም አለበት። መኪና ተገልብጣ ሹፌሩ ራሱን ሲስት ሮጦ የሚደርሰው የነፍስ አድን ሠራተኛ ሽቦ ሲፈልግ መዋል የለበትም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪናም ገለልተኛ ማርሽ ላይ ካልሆነች በስተቀር እንዳትነሳ የሚያደርግ ማብሪያ ግዴታዋ ነው። የተልጠለጠለና በቅጡ ያልታሰረ ሽቦ ያላት መኪና በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር እየበረረች ምን ልታደርግ እንደምትችል ማሰቡ ብቻ ይበቃል።

ሹማከርና አሥራ ሦስተኛው መስመር

«ለአንድ ሽቦ ይህ ሁሉ ጩኸት?» የሚል ካለ ወደ ፎርሙላ ዋን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1994 ሹፌሩን የሚተኩ ኤሌክትሮኒክ ረዳቶች ታገዱ። በዚያው ዓመት ሚካኤል ሹማከር በቤኔቶን መኪና ተቀናቃኞቹን ያስከትል ጀመር። በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ ከሦስተኛ ቦታ ተነስቶ ዴሞን ሂልንና ናይጄል ማንሴልን ገና መነሻው ላይ ሲቀድማቸው ያየ ሁሉ «ይቺ ነገር አላማረችኝም» አለ።

የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ፊያ የመኪናዋን ኮምፒውተር ፕሮግራም በባለሙያ አስመረመረ። ምን ተገኘ? ላውንች ኮንትሮል እዚያው ውስጥ ተቀምጧል! በስክሪኑ ላይ የሚታዩት አማራጮች አሥር ሲሆኑ የተደበቀው ላውንች ኮንትሮል ግን አሥራ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበር። ቤኔቶኖች «ለልምምድ የተሠራ ነው፣ ውድድር ላይ አልተጠቀምንበትም» አሉ። ፊያም በውድድር ላይ ስለመዋሉ ማስረጃ አላገኘም። ቡድኑ የፕሮግራሙን ዋና ጽሑፍ በጊዜው ባለማስረከቡ 100,000 ዶላር ተቀጣ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። ሹማከር በዓመቱ መጨረሻ 92 ለ91 በሆነ ነጥብ ዴሞን ሂልን በልጦ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ ጥፋተኛ ፍለጋ መግባት አያስፈልግም፣ ያልተረጋገጠ ነገር አልተረጋገጠም። ነገር ግን ይህን ሁሉ ዓመት ተሻግሮ ጥርጣሬው ዛሬም አልሞተም። ጥፋቱ ተፈጽሞ ከነበረ ሂል ዋንጫውን ተሰርቋል። ተፈጽሞ ካልነበረ ደግሞ ሹማከር ንጹሕ ስሙን ተሰርቋል። በሁለቱም መንገድ የተጎዳ ሰው አለ። የማይታይ ሕግ ጠቡ ይህ ነው። ጥፋተኛውን አያጋልጥም፣ ንጹሑንም ነጻ አያወጣም።

ፊያ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። መቆጣጠር አልቻልኩም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 ከስፔን ግራንድ ፕሪ ጀምሮ ረዳቶቹን መልሶ ፈቀደ። ውጤቱስ? በዚያው ዓመት ኦስትሪያ ላይ አራት መኪኖች መነሻው ላይ እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ! ላውንች ኮንትሮሉ ከ2004 ጀምሮ እንደገና ታገደ። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው ግን በ2008 ነው። ለሁሉም ቡድኖች አንድ ዓይነት የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ተሰጠና ትራክሽን ኮንትሮልም አበቃለት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የፈጀው ትምህርት በአንድ አረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ማየት የማትችለውን ነገር ማገድ አትችልም።

«ሁሉም ይፈቀድና እንገላገል»

የተቃዋሚዎቹ ክርክርም መሰማት አለበት። «ቴክኖሎጂ እየሮጠ ነው፣ ሽቦ ስታሳድዱ ልትኖሩ ነው? ሁሉንም ፍቀዱና ሁሉም እኩል ይሁን» ይላሉ። ሲሰሙት የሚጥም ሐሳብ ነው። ጉድለቱ ግን ሁሉም ሲፈቀድ እኩል የሚሆነው ኪሱ እኩል የሆነ ብቻ መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሑድ በደመወዙ የሚወዳደረው መካኒክ ውድ ኮምፒውተር ከገጠመ ባለሀብት ጋር የሚያመሳስለው ዓይኑና እጁ ነበር። እሱን ከነጠቁት ምን ቀረው?

ድራግ ሬሲንግ ለዚህ ያገኘው መልስ የሚያስቀና ነው። ሳጥኑን ጨርሶ አላጠፋውም፣ የራሱን ቤት ሠራለት እንጂ። በብራኬት ውድድር ሱፐር ፕሮ በሚባለው ምድብ ዲሌይ ቦክስ ይፈቀዳል። ፕሮ በሚባለው ምድብ ግን አይፈቀድም። ስቶክና ሱፐር ስቶክም እንዲሁ በራቸውን ዘግተውበታል። ሳጥን የወደደ ከባለ ሳጥን ጋር፣ በዓይኑ የሚተማመን ከመሰሉ ጋር ይጋጠማል። ማንም ማንንም ኋላ ቀር አይለውም። ወንጀሉ ሳጥን መጠቀሙ ሳይሆን ሳጥን ይዞ ሳጥን የለኝም ማለቱ ነው። ለዚህም ነው የሽቦው ጉዳይ እንዲህ የከረረው፤ በሁለቱ ምድቦች መካከል ያለው አጥር ሽቦው ነዋ!

ነገሩ እኛም ቤት ገብቷል

ይህ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ካለ ቪየናን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ የቪየና ማራቶንን በ2:09:22 አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። የጫማው ሶል ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ፣ የተፈቀደው 4 ነው። አስቀድሞ ያስመዘገበው ጫማም ሌላ ነበር። ድሉ ተሰርዞ በ3 ሰከንድ ልዩነት ለተከተለው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጠ።

ሕግ ሕግ ነው፣ ውሳኔው ትክክል ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል። ጫማ የተደበቀ ሽቦ አይደለም። እግር ላይ ያለ፣ ሁሉም የሚያየው ዕቃ ነው። መነሻው ላይ ማስመሪያ ይዞ የሚቆም አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ አትሌቱ ጫማ ቀይሮ ይሮጥ ነበር። 42 ኪሎ ሜትር ካስሮጡት በኋላ መለካት ግን ሯጩንም፣ አሸናፊ መሆኑን ዘግይቶ የሰማውንም፣ ተመልካቹንም ይጎዳል። ድራግ ሬሲንግ እዚህ ላይ ይበልጣል። መኪናዋ መስመሩ ላይ ከመቆሟ በፊት ትፈተሻለች፣ ከጨረሰች በኋላም እንደገና ልትፈተሽ ትችላለች።

የዛሬው ፈተና

ይሁን እንጂ ሽቦ በዓይን መከተል ብቻውን የሚበቃበት ዘመን እያለፈ ነው። ዛሬ የሞተር እሳቱን፣ ነዳጁን፣ የዙር ገደቡንና የቁልፏን ትእዛዝ አንድ ኮምፒውተር ጠቅልሎ ይይዛል። ሽቦው ከቁልፏ ተነስቶ በሥርዓት ወደ ኮምፒውተሩ ይገባል፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ በኋላ ውስጡ የሚሆነውን ግን የመርማሪ ዓይን አያየውም። የቤኔቶን አሥራ ሦስተኛ መስመር ዛሬ በተራ ሰው መኪና ውስጥ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

መንገዱ ግን ተጀምሯል። ኤን ኤች አር ኤ እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሮ ስቶክ ምድብን ከካርቡሬተር ወደ ኮምፒውተር የነዳጅ መርጫ ሲያሸጋግር ሁሉም አንድ ዓይነት መቆጣጠሪያ እንዲገጥሙ አድርጓል፣ የሞተሩንም ዙር በደቂቃ 10,500 ላይ ገድቦታል። ይህ አሠራር ወደ ታችኞቹ ምድቦችም መውረድ አለበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ኮምፒውተር መግዛት ለደሃው ሹፌር ይከብዳል ከተባለ ቢያንስ የተፈቀዱት ኮምፒውተሮች ዝርዝር ይውጣ፣ መርማሪው ሰክቶ የሚያነባቸውም ይሁኑ። ቁልፏ ከትራንስብሬኩ ጋር በቀጥታ ትገናኝ፣ በኮምፒውተር በኩል መዞሯ ይቅር። ያኔ ሽቦ የመከተሉ ሥራ እንደገና ትርጉም ይኖረዋል።

የእግር ኳስ ሰዎችም ከዚህ የሚወስዱት አላቸው። በ2010 የዓለም ዋንጫ የፍራንክ ላምፓርድ ኳስ መስመሩን አልፋ ዳኛው ሳያዩዋት ስትቀር የጎል መስመር ቴክኖሎጂ እንዲመጣ ምክንያት ሆነች። ቪኤአርም በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ገባ። ሆኖም የኦፍሳይድ መስመር ሲሰመር ደጋፊው ዛሬም ይጮኻል። የሚጮኸው ማሽን ስለጠላ አይደለም፣ መስመሩ እንዴት እንደተሰመረ፣ የትኛው ቅጽበት እንደተመረጠ በግልጽ ስለማያይ ነው። ማሽኑ ይምጣ፣ ግን ሽቦው ይታይ!

ስፖርት በማሽን መታገዙ አይቀርም፣ መቅረትም የለበትም። ያ ባንዲራ ያዥ በመብራት መተካቱ ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም መብራቱ መሐል ላይ ቆሞ ለሁለቱም ሹፌሮች እኩል ያበራል። የተደበቀው ሳጥን ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። የሚፈቀደው ይፈቀድ፣ የራሱ ምድብ ይሰጠው። የሚከለከለው ደግሞ ከውድድሩ በፊት በዓይን በሚታይ፣ በእጅ በሚዳሰስ መንገድ ይከልከል። የሚደብቀው የሌለው ተወዳዳሪ ኮፈኑን ለመክፈት አያመነታም። ኮፈን መክፈት የሚከብደው ካለ መነሻው መስመር ላይ ባይቆም ይሻላል።